ዛፉን ከመምረጥዎ በፊት ጓሮዎን ይወቁ

የግንቦት ወር ተገባዶ የክረምቱ ዝናብ ሲቃረብ በየመንገዱ ዳር ችግኝ ደርድረው የሚሸጡ ሰዎች ብቅ ይላሉ። በጥቁር ላስቲክ ውስጥ የበቀለው አቮካዶ፣ ማንጎና ብርቱካን ቅጠሉ ለምለም ስለሆነ ሲያዩት ያስጎመጃል። ከሥራ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናትም ልጆቿን አስባ አንዱን ገዝታ ትገባለች። በማግሥቱ ከጓሮው ጥግ ጉድጓድ ተቆፍሮ ችግኙ ይተከላል። አንድ ክረምት በደኅና ያልፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክረምት ግን ቅጠሉ ይገረጣል፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ይደርቃል፣ ከመስከረም በኋላም የቀረው እንጨት ብቻ ይሆናል። ወይም ደግሞ ዛፉ ያድግና ዓመት በመጣ ቁጥር አበባ እያሳየ ፍሬ የሚነሳ ይሆናል።

በዚህ የጠፋው የችግኙ ዋጋ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ዋናው ጉዳት የዘመን ብክነት ነው። ጎመን ቢበላሽ በሁለት ወር ይተካል። የፍራፍሬ ዛፍ ግን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ይጠበቃል። ልጅዎ ዳዴ በሚልበት ዓመት የተተከለ ዛፍ ትምህርት ቤት በሚገባበት ዓመት ሊያበላው ሲገባ፣ ምርጫው ከተሳሳተ ልጁ ያለ ፍሬ አድጎ ይወጣል። ስለዚህ እርስዎ ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «የትኛው ፍሬ ይጣፍጣል?» የሚለው አይደለም። «የእኔ ጓሮ የትኛውን ዛፍ ሊያሳድግ ይችላል?» የሚለው ነው። ለዚህም አራት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል፤ የአካባቢውን ከፍታ፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የሚገኘውን ውሃና የግቢውን ስፋት።

ከፍታው ምን ይፈቅዳል?

ለምሳሌ ያህል ጠዳን እንውሰድ። ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከአዘዞ ቀጥሎ የሚገኝ፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር ያለ ሥፍራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው አየሩ ወይና ደጋ ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ለዚህ አካባቢ የአትክልት ቦታ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ እዚያው አጠገብ በአዘዞ ባሠሩት ግቢ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና በቅጥር የታጠረ የአትክልት ቦታ ከውሃ ገንዳው ጋር ነበር። ቦታው ገነተ ኢየሱስ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገነት ማለት የአትክልት ሥፍራ ነውና። ስለዚህ የአካባቢው አየር ለፍራፍሬ የሚመች ነው። ግን ለሁሉም ዓይነት ፍራፍሬ አይደለም።

ማንጎን ይመልከቱ። በጎንደር ገበያ የምናየው ጣፋጭ ማንጎ ከቆላ የሚመጣ ነው። ማንጎ ሙቀት ወዳድ ስለሆነ አበባው በብርድ ሌሊት ይከሽፋል። ጠዳ ላይ ተተክሎ ቅጠሉ ሊያምር፣ ጥላውም ሊደላ ይችላል፤ ፍሬ መስጠቱ ግን አያስተማምንም። ከዚህም በላይ ነጭ የማንጎ ስኬል የተባለው ተባይ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ከታየ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ስለዚህ ማንጎ መብላት ሲፈልጉ ከገበያ ይግዙ፤ ጓሮዎን ለሌላ ያቆዩት።

የፖም ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፖም ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። በአገራችን ስሙ የታወቀው በደጋማው የጋሞ አካባቢ በጨንቻ መሆኑም ለዚህ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በዳባትና በደባርቅ ከፍታ ለሚኖር ሰው ፖም ጥሩ ምርጫ ነው። አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ዓይነቶች ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ስለሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ወይና ደጋን ይችላሉ፤ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲተከሉም አንዱ ሌላውን ያዳቅላል። ለጠዳ ጓሮ ግን ፖምን የመጀመሪያ ዛፍ አድርገን አንመክርም።

ታዲያ ለጠዳና ለመሰል ወይና ደጋ ከተሞች የሚስማማው የትኛው ነው? አቮካዶ፣ ዘይቱና፣ ሎሚ፣ ኮክ፣ ካዝሚርና ሮማን ይስማሙታል። ፓፓያም ከነፋስ በተከለለና ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ አጠገብ ይበቅላል፤ ነገር ግን ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ያፈራል፣ ጣዕሙም ቀለል ይላል። ብርቱካን ይበቅላል፣ ሆኖም በብርድ አገር ወደ መኮምጠጥ ያደላል።

ዋልካው እንዳያታልልዎት

በአካባቢው ብዙ ጓሮ ዋልካ፣ በሌላው አገር መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ውሃንም ይዞ አይለቅም። ጤፍና ሽምብራ ይወዱት ይሆናል፤ አቮካዶና ፓፓያን ግን ይገድላቸዋል። የዛፍ ሥር እንደ እኛው መተንፈስ ይፈልጋል። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ አየር ስለሚያጣ ይበሰብሳል። ከላይ የሚታየው ምልክት የቅጠል መጠውለግ ስለሆነ ብዙዎቻችን ዛፉ የተጠማ መስሎን ሌላ ባልዲ ውሃ እንጨምርበታለን። በዚህም ሞቱን እናፋጥናለን።

ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት በሚያዝያ ወር ይህን ቀላል ሙከራ ያድርጉ። ሊተክሉ ባሰቡበት ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት። ውሃው ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ይሙሉት። በማግሥቱ ጠዋት ሁለተኛው ውሃ ሙሉ በሙሉ ከሰረገ ቦታው መልካም ነው። ውሃው አሁንም ተኝቶ ካገኙት ግን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አቮካዶ መትከል ዛፉን በገንዳ ውስጥ እንደ መዝፈቅ ይቆጠራል።

እንዲህ ያለ ጓሮ ያለዎት ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። መፍትሔው ወደ ታች መቆፈሩን ትቶ ወደ ላይ መደልደል ነው። ከላይኛው ለም አፈር፣ ከተብላላ ፍግና ከቻሉ ከጥቂት አሸዋ ጋር ቀላቅለው ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታና ወደ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ ይሥሩ። ችግኙን በጉብታው አናት ላይ ይትከሉት። በዙሪያው የክረምቱን ጎርፍ የሚወስድ ትንሽ ቦይ ይቅደዱ። ይህ የአንድ እሑድ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመታት ድካም ግን ያተርፋል። ዘይቱና ከአቮካዶ ይልቅ እርጥበትንም ድርቀትንም ስለሚችል በዋልካ ላይ ለሚጀምር ቤተሰብ የተሻለ ነው።

ችግኝ ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

ብዙ እናቶች ከበሉት አቮካዶ የተረፈውን ፍሬ በቆርቆሮ አብቅለው ይተክላሉ። ይህ ወጪ የለውም፤ ነገር ግን ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ የሚሰጠውም ፍሬ እናቱን አይመስልም። የተዳቀለ ችግኝ ግን ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተቆረጠ ቡቃያ በሌላ ወጣት ግንድ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ስለሆነ የእናቱን ፍሬ ይሰጣል፤ በደኅና ከተያዘም በሦስትና በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ለአቮካዶ የተዳቀለውን መግዛት ዋጋው ቢወደድም ያዋጣል። ሎሚ ግን ከዘሩ ሲበቅል አብዛኛውን ጊዜ እናቱን ስለሚመስል ከዘር ሊያፈሉት ይችላሉ። ኮክም ከዘሩ በቅሎ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል።

ችግኙን ሲመርጡ ረጅሙን አይሹ። የተዳቀለበትን ጠባሳ ይፈልጉ፤ ጠባሳው በደንብ የተጋጠመ፣ ያላበጠና ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱም ቀጥ ያለ ይሁን። ላስቲኩን ከሥር ገልብጠው ይመልከቱ፤ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ከሆነ በላስቲኩ ውስጥ ብዙ ቆይቷልና ይተዉት። ሻጩን ስለ ዓይነቱ ስም ይጠይቁ። ስሙን የማያውቅ ሻጭ ከየት እንዳመጣውም አያውቅም። በተቻለ መጠን ከታወቀ የችግኝ ጣቢያ ይግዙ፤ በአካባቢዎ የሚገኘውን የግብርና ባለሙያም ያማክሩ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፣ በዚህ ረገድ መቸኮል ዓመታትን ያስከፍላል።

የአቮካዶ ምስጢር፤ ከጎረቤት ጋር መምከር

ስለ አቮካዶ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ እንደ ሴቴ፣ በማግሥቱ እንደ ወንዴ ሆኖ። በአንዳንዱ ዓይነት ሴቴው የሚከፈተው ጠዋት፣ በሌላው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነቶች ተቀራርበው ሲገኙ ንቦች ዱቄቱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያመላለሱ ፍሬው እንዲበዛ ያደርጋሉ። ሃስ የተባለው ዓይነት ከመጀመሪያው ወገን ሲሆን፣ ፉዌርቴና ኤቲንገር ከሁለተኛው ናቸው።

ለአንድ ጠባብ ግቢ ሁለት አቮካዶ መትከል ከባድ ነው። ዛፉ ከሌላው ዛፍ ሰባትና ስምንት ሜትር መራቅን ይፈልጋልና። ከጎረቤትዎ ጋር ከመከሩ ግን ችግሩ ይቃለላል። እርስዎ ሃስ ሲተክሉ ጎረቤትዎ ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ ብትተክል አጥሩ ንብን አያግድምና ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ቡና ተጣጥታችሁ የምትጨርሱት ጉዳይ ነው።

ከቤት አጠገብ አይትከሉ

ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዐፄ ፋሲለደስን መዋኛ ያስታውሳል። የጥምቀት በዓል በሚከበርበት በዚያ ግቢ የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንዴት ጠፍንጎ እንደያዘ አይተው ተደንቀው ይሆናል። ለጎብኚ ዕፁብ ነው። ለቤት ባለቤት ግን ትምህርት ነው። ሥር መንገዱን ሲፈልግ ግንብም አይመልሰውም። በተለይ ካዝሚርና አቮካዶ ትልልቅ ዛፎች ስለሚሆኑ ከቤቱ ግድግዳ፣ ከውሃ ቧንቧና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራቁ። ሎሚና ዘይቱና ከዛፍ ዛፍ አራትና አምስት ሜትር፣ ኮክ አራት ሜትር፣ ፓፓያ ከሁለት ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ቦታ ይበቃቸዋል። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም አይትከሉ።

ግቢዎ ጠባብ ከሆነ ከሁሉም አንዳንድ ለመትከል አይጓጉ። ተጨናንቀው የሚበቅሉ አምስት ዛፎች ፀሐይ ፍለጋ ወደ ላይ ብቻ ይመዘዛሉ፤ ፍሬያቸውም ያንሳል። ሦስት ይበቃሉ፤ አንድ አቮካዶ ወይም ኮክ፣ አንድ ዘይቱና፣ አንድ ሎሚ። ከእነዚህ ሌላ የፀሐይ ግድግዳ ካለዎት ሁለት ፓፓያ ያክሉ። ፓፓያ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ ስለሚሆን በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ አድርገው ይትከሉ። ሲያብቡ ወንዴውን በረጅም ዘንግ ላይ በተንዠረገገው አበባው ይለዩታል። ከየጉድጓዱ አንዳንድ ሴቴ አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ፤ አንድ ወንዴ ለአሥር ያህል ሴቴ ስለሚበቃ በአቅራቢያው አንዱ ይኑር።

በኪራይ ቤት ለሚኖሩ ሠራተኞች ደግሞ ዓመታት የሚጠይቅ ዛፍ መትከል ላያዋጣ ይችላል። ሎሚን ከሥሩ በተበሳ በግማሽ በርሜል ውስጥ አሳድገው ቤት ሲለቁ ይዘውት መሄድ ይችላሉ። በሥሩ የሚወጣው ውሃ እንዳይታፈን በርሜሉን በድንጋዮች ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት።

መትከልና ማጠጣት

ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ። ስድሳ በስድሳ ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም እንዲሁ ይሁን። የላይኛውን አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ይቆልሉ። የላይኛውን ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅለው መልሰው ይሙሉ። ያልተብላላ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል አይጠቀሙ። ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይትከሉ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ችግኙ በላስቲክ ውስጥ ከነበረበት በላይ እንዳይቀበር፣ የተዳቀለበት ጠባሳም ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር እንዲቀር ይጠንቀቁ። ከጠባሳው በታች የሚወጣውን ቡቃያ ሁሉ በየጊዜው ያንሱ፤ ካለዚያ ያልተፈለገው ግንድ የተፈለገውን ይውጠዋል።

ዛፍ የሚፈተነው በበጋ ነው። ጎንደርና አካባቢዋ የውሃ እጥረት የሚያስቸግራቸው መሆኑን እያንዳንዷ እናት ታውቀዋለች። ጀሪካን ተሸክማ ለምትጠብቅ ሴት «በየቀኑ ያጠጡ» የሚለው ምክር አይረባትም። ለወጣት ዛፍ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ባልዲ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ከፈሰሰለት በየቀኑ ከሚረጭ ጣሳ ውሃ ይበልጣል። አትክልት የታጠበበት፣ እህል የታጠበበት፣ ሳሙና የሌለበት ውሃ ሁሉ ለዛፉ ይሁን። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ገለባ ወይም ደረቅ ሣር በዙሪያው ያልብሱ፤ ፀሐይ እርጥበቱን እንዳይጠጣው ይጋርዳል። ውሃ የሚያዥ አሮጌ ገንቦ ካለዎት ከችግኙ ክንድ ያህል ርቀው እስከ አንገቱ ይቅበሩትና ውሃ ሞልተው ይክደኑት። ሸክላው ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ለሥሩ ያወጣለታል።

የወደቀ ፍሬ አያሳድሩ

ዘይቱናና ኮክ የሚጠሉት የፍራፍሬ ዝንብን ነው። ዝንቧ በፍሬው ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ ፍሬውን ያበሰብሰውና ከወደቀ በኋላ ወደ አፈር ገብቶ እንደገና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅመው በግማሽ ሜትር ጥልቀት ይቅበሩ፣ ወይም በላስቲክ ከረጢት አሥረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት ይቻላል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ግን ያለ ባለሙያ ምክር የተባይ መርዝ መርጨት ፈጽሞ አይገባም።

ከዛፉ እስከ ገበታው

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? ዘይቱና ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል ቫይታሚን ሲ አለው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር በሰውነት እንዲዋሐድ ይረዳል። ስለዚህ በምስሩ ሰላጣ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ፣ ከምሳ ጋር የሚበላ አንድ ዘይቱና፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ቀላል ነገር አይደለም። ፓፓያ ለቫይታሚን ኤ ይረዳል፤ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ዳፍንት እንደሚይዘው የታወቀ ነው። አቮካዶ ቅባት ስላለው ከካሮትና ከጎመን ጋር ሲበላ በእነሱ ያለውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት በተሻለ እንዲቀበለው ያደርጋል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃንም ተፈጭቶ ከጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይሆነዋል።

አቮካዶ በዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። ከደረሰ በኋላ አጭር እጀታ ትተውለት በመቀስ ይቁረጡና ከሙዝ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡት፤ ቶሎ ይበስላል። ዛፉ እስኪደርስ ባሉት ዓመታትም በችግኞቹ መካከል ዱባ፣ ካሮትና ጎመን ይዝሩ፤ መሬቱም ልጆችዎም ጾማቸውን አያድሩም።

እንግዲህ ዘንድሮ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ከመድረስዎ በፊት ጓሮዎን ይዙሩት። ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ፣ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ የግድግዳው ርቀት ስንት እንደሆነ ይመልከቱ። የውሃውን ሙከራ ያድርጉ። ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ተቀምጠው ማን ማክሰኞ፣ ማን ቅዳሜ እንደሚያጠጣ ይወስኑ፤ የዛፍ እንክብካቤ የእናት ብቻ ሸክም መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ዛፍ ይስጡት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላልና፣ ዛሬ በትክክል የተመረጠ አንድ ችግኝ በዘፈቀደ ከተተከሉ አሥር ችግኞች ይልቅ ገበታዎን ይሞላል።